ላፕቶፕ ላይ ብዙ ትራክ ለመቅዳት፦ አዲስ አበባ ላይ በአቅም የሚገዛው ሳውንድ ካርድ የትኛው ነው?

መርካቶ ወይም ፒያሳ አካባቢ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ገብታችሁ “ዩኤስቢ ያለው ሚክሰር አለ?” ብትሉ መደርደሪያው ላይ ካሉት ግማሾቹ ይወርዱላችኋል። ለብዙ ትራክ ቀረጻ የሚሆን ግን ከእነሱ መሃል አንድም ላይኖር ይችላል። ማሲንቆው፣ ክራሩ፣ ከበሮውና ድምፃዊው አብረው እየተጫወቱ እያንዳንዱ በየራሱ ትራክ ላይ እንዲቀመጥ ከተፈለገ ሻጩን መጠየቅ ያለባችሁ ስንት ማይክ ተለያይቶ ላፕቶፑ ውስጥ እንደሚገባ ነው። የዕቃው ስምና የድምፁ ጥራት ከዚህ በኋላ ይመጣሉ።

በየአዳራሹና በየጸሎት ቤቱ የሚታዩትን ያማሃ ኤምጂ10ኤክስዩ እና ኤምጂ12ኤክስዩን እንውሰድ። ጥሩ ሚክሰሮች ናቸው፤ ለመድረክ ሥራ ማንም ቢገዛቸው አይቆጨውም። በዩኤስቢ ገመዳቸው ወደ ላፕቶፕ የሚሄደው ግን ሁለት ቻናል ብቻ ነው፤ ግራና ቀኝ። አራት ማይክ ብትሰኩም ላፕቶፑ ጋር የሚደርሰው ተደባልቆ ያለቀ ድምፅ ነው። ከበሮው የዘፋኟን ድምፅ ከሸፈነ በኋላ ከበሮውን ብቻ ዝቅ ማድረግ አይቻልም። አብዛኞቹ የቤህሪንገር ዜኒክስ ባለ ዩኤስቢ ሚክሰሮችም እንደዚሁ ናቸው። ሳውንድክራፍት ሲግኔቸር 12 ደግሞ በሁለት መልክ ይመጣል። ተራው ሁለት ቻናል ይልካል፤ ከስሙ ቀጥሎ “ኤምቲኬ” የሚል ያለበት 14 ቻናል ይልካል። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ለማያውቅ ሰው አንድ ናቸው፤ ስለዚህ ካርቶኑን ሳይሆን ራሱን ዕቃውን አንብቡ። በቤህሪንገር ኤክስኤር ቤተሰብም ወጥመዱ አለ። ኤክስአር12 እና ኤክስአር16 ፍላሽ ላይ ሁለት ትራክ ይቀዳሉ እንጂ ላፕቶፕ ላይ በየቻናሉ አይልኩም። ከሦስቱ ኤክስአሮች 18 ቻናል ወደ ላፕቶፕ የሚልከው ኤክስአር18 ብቻ ነው።

ሳውንድ ካርድ፣ ማለትም ማይኮችን ከላፕቶፕ ጋር የሚያገናኘው ሣጥን፣ ላይ ደግሞ የሚያሳስተው ቁጥሩ ነው። የፎከስራይት ስካርሌት 4አይ4 “አራት የማይክ መግቢያ” ማለት ቢመስልም ማይክ የሚቀበሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ሁለቱ ለኪቦርድና ለመሰል የላይን ሲግናል ናቸው። ሦስተኛው ትውልድ 18አይ8 ማይክ የሚቀበለው በአራት ብቻ ነው። የቀረው ቁጥር የላይን መግቢያዎቹን እና በኦፕቲካልና በዲጂታል ገመድ ሊጨመር የሚችለውን ቆጥሮ የመጣ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን ተዉትና የማይክ መሰኪያ ቀዳዳዎቹን በጣት ቁጠሩ።

ብዙ ዩኤስቢ ማይክ ገዝቶ አንድ ላፕቶፕ ላይ መሰካት ርካሽ መንገድ ይመስላል፤ አይሠራም። እያንዳንዱ ዩኤስቢ ማይክ በውስጡ የራሱ ሰዓት አለው፣ ሁለት ሰዓቶችም ፍጹም እኩል አይሄዱም። ዘፈኑ ሲጀመር አብረው የነበሩ ትራኮች እየቆዩ ይላቀቃሉ፤ ከበሮው ከማሲንቆው ይቀድማል ወይም ይዘገያል። ሁሉም ማይክ በአንድ ሳውንድ ካርድ ውስጥ ማለፍ አለበት።

እስከ አራት ሰው ለሚሆን ቡድን በዋጋው የሚወዳደረው የሌለ ዕቃ ቤህሪንገር ዩኤምሲ 404ኤችዲ ነው። አራቱም መሰኪያዎቹ ማይክ ይቀበላሉ፣ ጊታርና ኤሌክትሪክ ክራርም ይቀበላሉ፣ ለኮንደንሰር ማይክ (ኃይል ከካርዱ ለሚወስደው ስሜታዊ ማይክ) የሚያስፈልገውን 48 ቮልት ይሰጣል፣ ለኪቦርድ የሚሆን ሚዲ መግቢያና መውጫ አለው። እስከ 24 ቢት እና 192 ኪሎኸርዝ ይሄዳል፤ 192ቱን ግን እርሱት፣ 48 ኪሎኸርዝ ይበቃል። ፊቱ ላይ ያለው የሚክስ ቁልፍ ለተጫዋቹ ትልቅ ነገር ነው፤ ድምፁ ላፕቶፕ ደርሶ ሳይመለስ በቀጥታ ከካርዱ ወደ ሄድፎኑ ይሄዳል። ያለሱ ቢሆን ላፕቶፑ በ512 ሳምፕል በፈር (ድምፁ ከመሠራቱ በፊት በሚጠራቀምበት ቋት) ላይ ሲሠራ ለአንዱ ጉዞ ብቻ 10.7 ሚሊሰከንድ ይዘገያል፤ የደርሶ መልሱ ተደምሮ ማሲንቆ ተጫዋች ይረበሽበታል። ጉድለቱም መታወቅ አለበት። 48 ቮልቱ ለአራቱም በአንድ ቁልፍ ነው፣ የሄድፎን መውጫውም አንድ ነው። አራት ሰው እንዲሰማ ቤህሪንገር ኤችኤ400 የሚባለውን ትንሽ ባለ አራት መውጫ የሄድፎን ማጉያ መጨመር ግድ ነው።

ከአራት በላይ ከሆናችሁ ዩኤምሲ 1820 ይሻላል። ስምንት ማይክ ይቀበላል፣ ሁለት ሄድፎን አለው፣ ዋጋው ግን ከ404ኤችዲ ከፍ ይላል። ለባህል ባንድ ስምንት እንዴት እንደሚሞላ ስሌቱ ቀላል ነው፦ ማሲንቆ አንድ፣ ክራር አንድ፣ ቤዝ ክራር አንድ፣ ዋሽንት አንድ፣ ከበሮ ሁለት፣ መሪ ድምፃዊ አንድ፣ ተቀባዮች አንድ። ሙሉ ድራም ያለው ባንድ ከሆነ ስምንቱ አይበቃም። ያኔ የ1820ው ኦፕቲካል መግቢያ ላይ ቤህሪንገር ኤዲኤ8200 ተጨምሮ 16 ማይክ ይደርሳል። ይህ ሲደረግ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ሰዓት ሰጪ፣ ሌላው ተቀባይ እንዲሆን አድርጉ። ሁለቱም በየራሳቸው ሰዓት ከሄዱ ቀረጻው ውስጥ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይገባል፤ ይህ የመሣሪያ ብልሽት መስሎት ዕቃውን ለመመለስ የሚሮጥ ሰው ብዙ ነው።

ኤክስአር18ን የምንመክረው መድረክም ቀረጻም ለሚሠራ ቡድን ነው። 16 የማይክ መግቢያ አለው፣ 48 ቮልቱን በየቻናሉ ማብራትና ማጥፋት ይቻላል፣ ስድስት ኦክስ መውጫ ስላለው ለእያንዳንዱ ተጫዋች የተለየ ድምፅ መላክ ይቻላል። በላዩ ላይ በእጅ የሚነካ ፌደር (ተንሸራታች የድምፅ ቁልፍ) የለውም፤ ሁሉም ነገር በታብሌት ወይም በላፕቶፕ ነው የሚታዘዘው። በውስጡ ያለውን ዋይፋይ ሰው በሞላበት አዳራሽ አትመኑት፤ የራሱን ራውተር በገመድ ሰኩለት። ለቤት ቀረጻ ብቻ ከሆነ ግን ለማትጠቀሙበት ነገር መክፈል ነው።

ከውጭ ዘመድ የሚያመጣው ወይም በቴሌግራም ቻናል የሚሸጥ ያገለገለ ዕቃ ሲሆን ሁለት ነገር ተመልከቱ። አንደኛው መሰኪያው ነው። በርካሽ የሚቀርቡ ጥሩ ስም ያላቸው አሮጌ ካርዶች በዩኤስቢ ሳይሆን ፋየርዋየር በሚባል የድሮ ገመድ የሚሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የዛሬ ላፕቶፕ ፋየርዋየር መሰኪያ የለውም። ሁለተኛው አዳፕተሩ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ዕቃ አዳፕተሩ ላይ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከተጻፈ እዚህ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ችግር የለውም፤ የሶኬት መለወጫ ብቻ ይበቃል። ሳውንድ ካርዱ 220 የሚቀበል ሆኖ የኤችኤ400 አዳፕተር ግን 120 የሆነበት አጋጣሚ ስላለ እያንዳንዱን ለየብቻ አንብቡ።

ፒያሳ ላይ የነበሩ ብዙ ሱቆች በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ምክንያት ቦታ ለውጠዋል፤ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። ዋጋም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ዶላሩን እየተከተለ ስለሚንቀሳቀስ ባለፈው ወር የሰማችሁትን ዋጋ ይዛችሁ አትከራከሩ። ሦስት ሱቅ ጠይቁ፣ መካከለኛውን ያዙ፣ በጣም የረከሰውን ደግሞ ተጠራጠሩ።

ዋናው ነገር ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ መሄድ ነው። ድራይቨሩን (ላፕቶፑ ካርዱን እንዲያውቀው የሚያደርገውን ሶፍትዌር) ከአምራቹ ድረ ገጽ ቤት ሆናችሁ አስቀድማችሁ ጫኑ፤ ሱቅ ውስጥ ኢንተርኔት አትጠብቁ። ማክ ከሆነ የዩኤምሲ ካርዶች ያለ ድራይቨር ይሠራሉ። ሪፐር የሚባለውን የቀረጻ ሶፍትዌር ክፈቱ፣ ኦፕሽንስ፣ ፕሪፈረንስስ፣ ዲቫይስ ውስጥ ገብታችሁ አሲዮን (ዊንዶውስ ላይ ለቀረጻ የሚያገለግለውን የድራይቨር ዓይነት) ምረጡና የመጨረሻውን መግቢያ ቁጥር ወደ አራት ወይም ስምንት አድርጉ። ይህ ቁጥር ሁለት ላይ እንደቆመ ከተተወ ካርዱ ስንትም ቢኖረው ሁለት ብቻ ነው የሚታየው፤ “ዕቃው ተበላሽቷል” የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ መግቢያ አንድ ትራክ ክፈቱና ቀዩን የሪከርድ ቁልፍ በሁሉም ላይ አብሩ። አንድ ማይክ ያዙና መጀመሪያው መሰኪያ ላይ ሰክታችሁ ጥልፍልፉን በጥፍር ቧጨር አድርጉት። አንደኛው ትራክ ላይ ያለው አመልካች ብቻ ይዝለል፤ ሌሎቹ ዝም ይበሉ። ወደ ሁለተኛው መሰኪያ አዛውሩት፣ እንደገና። ሁለት አመልካች አብሮ ከዘለለ መግቢያዎቹ አልተለያዩም፤ ምክንያቱ እስኪታወቅ ብር አይውጣ። በመቀጠል 48 ቮልቱን አብርታችሁ ኮንደንሰር ማይክ በየመሰኪያው ሞክሩ፤ አንዱ ላይ ብቻ ዝም የሚል ካርድ ያጋጥማል። በመጨረሻ የጌይን (የማይኩን ድምፅ የሚያጎሉትን) ቁልፎች አንድ በአንድ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ቁልፍ ያለው ዕቃ ያገለገለ ወይም አቧራ የገባበት ነው።

ገመድ ላይ ሰው ገንዘብ ይቆጥባል፤ እዚሁ ላይ ነው ቀረጻው የሚበላሸው። ርካሽ ማይኮች አብሯቸው የሚመጣው ገመድ በአንድ በኩል ሦስት ፒን፣ በሌላ በኩል ትልቁ ጃክ ነው። ይህ ጃክ የሳውንድ ካርዱ መሃል ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ ድምፁ በማይክ ፕሪያምፑ (ደካማውን የማይክ ድምፅ በሚያጎላው ክፍል) አያልፍም፤ በላይን በኩል ይገባል። ውጤቱ ደካማ ድምፅና ብዙ ሹክሹክታ ነው። 48 ቮልትም በዚህ ገመድ አይሄድም። በሁለቱም ጫፍ ሦስት ፒን ያለው ገመድ ግዙ፣ ከአምስት እስከ ስድስት ሜትር ለአንድ ክፍል ይበቃል፣ ከማይኩ ቁጥር አንድ ትርፍ ይኑራችሁ። ሱቅ ውስጥ ጫፉን ፈትታችሁ ብየዳውን እዩ፤ ፒን አንድ መሬት፣ ሁለት እና ሦስት ሲግናል ናቸው። ብየዳው የደነዘዘ ግራጫ ከሆነ ወይም የሽቦው ፀጉር ወደ ጎረቤቱ ፒን ከወጣ ተዉት።

ማይክን በተመለከተ ሹር ኤስኤም57 እና ኤስኤም58 ለከበሮም ለድምፃዊም አይሳሳቱም፤ ገበያው ግን አስመስሎ በተሠራ ሞልቷል። እውነተኛው ኤስኤም58 ክብደቱ 298 ግራም ነው። ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ይዞ መሄድ አያሳፍርም፤ በብዙ ግራም ካነሰ አስመስሎ የተሠራ ነው። በካርቶን ከቅንጥብና ከአጭር ገመድ ጋር የሚሸጠውን ቢኤም800 ለዚህ ሥራ አንመክርም። ለማሲንቆ፣ ለዋሽንትና በተለይ ለበገና ኮንደንሰር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱ የሲግናሉ መጠን ነው። ለአንድ ዓይነት ድምፅ ኤስኤም57 1.6 ሚሊቮልት ሲሰጥ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ2020 14.1 ሚሊቮልት ይሰጣል፤ ዘጠኝ እጥፍ ገደማ። በገና በባሕርይው ለስለስ ያለ ስለሆነ ተራ ማይክ ከተደገነበት የርካሽ ካርድ ጌይን እስከ ጫፍ ይዞራል፣ ከእንዝራው (ከአውታሩ ሥር ከሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ንዝረት ጋር የካርዱ ሹክሹክታም አብሮ ይቀዳል።

አቀማመጡም ያው ዋጋ አለው። ማሲንቆ ላይ ማይኩን ከቆዳው ፊት ከ25 እስከ 30 ሳንቲሜትር አርቁና ከጭራው መጎተቻ ትንሽ ዘወር አድርጉት፤ ፊት ለፊት ከሆነ የጭራው ፍትግያ ከዜማው ይበልጣል። ዋሽንት ላይ ትንፋሹ የሚወጣበትን አፍ ሳይሆን የጣት ቀዳዳዎቹን አነጣጥሩ፣ 30 ሳንቲሜትር ገደማ። ከበሮ ሁለት ፊት ስላለው ሁለት ማይክ ሲደረግበት ሁለቱ ቆዳዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይገፋሉ። አንዱን ትራክ ሪፐር ውስጥ ፌዙን (የሞገዱን አቅጣጫ) ገልብጡና በየትኛው ወፍራሙ ድምፅ እንደሚሞላ አዳምጡ። ኤሌክትሪክ ክራር ማይክ አያስፈልገውም፤ የኢንስትሩመንት ቁልፉ ተጭኖ በቀጥታ ይሰካ። ሁሉም በአንድ ክፍል ስለሚጫወቱ የማይክ ለማይክ ርቀት ማይኩ ከመሣሪያው ካለው ርቀት ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን። መሬቱ ላይ ምንጣፍ፣ ግድግዳው ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ መስቀል ከአንድ ተጨማሪ ማይክ ይበልጣል።

መብራት ለብቻው መነሳት ያለበት ጉዳይ ነው። ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፤ በአዳፕተር የሚሠራው 404ኤችዲ ወይም 1820 ግን ያንኑ ቅጽበት ይሞታል፣ ሪፐርም መሣሪያውን አጣሁ ብሎ ይቆማል። ሳውንድ ካርድ የሚወስደው ኃይል ጥቂት ስለሆነ ለዴስክቶፕ ኮምፒውተር የሚሸጠው ትንሹ ዩፒኤስ ይበቃዋል። ስፒከርና አምፕሊፋየር ግን ዩፒኤሱ ላይ አይሰኩ። ያለ ዩፒኤስ መሥራት የሚፈልግ ዙም ኤል8ን ይመልከት። ስድስት ማይክ ይቀበላል፣ በፓወር ባንክ ይሠራል፣ አራት ሄድፎን አለው፣ ላፕቶፑ ቢቆም እንኳ ኤስዲ ካርድ ላይ በየትራኩ ይቀዳል። ከቦታ ቦታ ለሚዞር ሰው ከሁሉም የሚስማማው ይኼ ነው፤ ዋጋው ግን ከ404ኤችዲ በደንብ ይበልጣል።

ሌላው የመብራት ጣጣ እምምም የሚለው ድምፅ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ እምምታው በ50 እና በ100 ኸርዝ ላይ ይሰማል። በብዙ ቤት ሶኬቱ የኤርዝ ቀንድ ቢኖረውም ከጀርባው የተያያዘ ሽቦ የለም። መጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ፤ እምምታው ከቆመ ምንጩ እሱ ነው፣ በባትሪ ቅዱ። ካልቆመ ሁሉንም ዕቃ አንድ ዲቫይደር ላይ አድርጉ፤ ክራሩ አምፕሊፋየር ላይም ከተሰካ የመሬት ማቋረጫ ቁልፍ ያለው ዲአይ ቦክስ (መሣሪያን ከካርድ የሚያገናኝ ትንሽ ሣጥን) በመሃል አስገቡ። የኤርዝ ቀንዱን መቁረጥ ግን ፈጽሞ አይደረግም። ከንፈሩን ማይክ፣ እጁን ክራር ላይ ያደረገ ሰው ነው ለኤሌክትሪኩ መንገድ የሚሆነው።

ላፕቶፑ አዲስ መሆን የለበትም። “ስላይትሊ ዩዝድ” ተብለው የሚሸጡት ኤሊትቡክ፣ ላቲትዩድና ቲንክፓድ 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ ካላቸው ስምንት ትራክ አይከብዳቸውም። አንድ ትራክ በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ በሰዓት 518 ሜጋባይት ይይዛል፤ ስምንቱ 4.1 ጊጋባይት ገደማ። ዩኤስቢ 2 ለዚህ ከበቂ በላይ ነው፣ “ዩኤስቢ 3 አይደለም” ብሎ ካርድ መናቅ ልክ አይደለም። ካርዱን በሃብ ሳይሆን በቀጥታ ሰኩ፣ ሲቀዳ ዋይፋይና ብሉቱዝ ይጥፉ፣ የዊንዶውስ የኃይል አጠቃቀም ከፍተኛው ላይ ይሁን። ድምፁ ከተቆራረጠ በፈሩን ወደ 512 ከፍ አድርጉ።

ሶፍትዌሩ ሪፐር ይሁን። 60 ቀን ሙሉ በሙሉ ይሞከራል፤ ለግለሰብ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው፣ ለመክፈል የውጭ ምንዛሪ ያለው ካርድ ይፈልጋል። ማክ ያለው በጋራጅባንድ ብዙ ትራክ በአንድ ጊዜ ይቀዳል፣ በነጻ። ኦዳሲቲ ለንግግር ጥሩ ነው፤ እስከ ሦስተኛው እትሙ ድረስ ዊንዶውስ ላይ አሲዮን አካትቶ ስላልመጣ ለዚህ ሥራ አይመረጥም።

ከመቅዳት በፊት ካርዱም ሪፐሩም 48 ኪሎኸርዝ ላይ መሆናቸውን አረጋግጡ። በ48 የተቀዳ በ44.1 ከተጫወተ ቅኝቱ አንድ ተኩል ሴሚቶን ገደማ ይወርዳል፣ ፍጥነቱም ይዘገያል፤ በዚያ ላይ ዋሽንት ልጨምር የሚል ተጫዋች መሣሪያው አይገጥምለትም። ጌይን ሲስተካከል ቡድኑ የዘፈኑን ኃይለኛ ቦታ ይጫወት፤ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ 12 ዲሲቤል ዝቅ ብሎ ይቁም። እስክስታው ሲሞቅ ከበሮ መቺው ከልምምዱ አብልጦ እንደሚመታ አስቡ። ለሚክስ ባለሙያ ስትልኩ ሁሉም ትራክ ከዜሮ ሰከንድ ጀምሮ እኩል ርዝመት ያለው 24 ቢት ዌቭ ፋይል ይሁን፣ ስሙ “ትራክ 3” ሳይሆን “ማሲንቆ” ይባል፣ ከላፕቶፑ ሌላም አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ ቅጂው ይቀመጥ።